ከንዝረት የሚገኝ ኤሌክትሪክ፦ ዳበል ላይ የተቀመጠ ምልልስ

ዳበል በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ አካባቢ ያለች የግመልና የከብት አርቢዎች መንደር ናት፤ በቅርብ ዓመታት ስሟ የተሰማው ግን በወርቅ ነው። የሚከተለውን ጉዳይ በሁለት ሰዎች አፍ ያስቀመጥኩት ሁለት ዓይነት እውቀት ስለሚጠይቅ ነው። አንደኛው ከኢትዮጵያ ሞያሌ እየተሻገረ የውሃና የወፍጮ ጄኔሬተር የሚጠግን አንጋፋ መካኒክ ነው። ሁለተኛዋ አዲስ አበባ ኤሌክትሪካል ምህንድስና የምትማር የወንድሙ ልጅ ናት። ጄኔሬተሩ ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ ግራር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

መካኒኩ፦ ስልኬ ላይ ያየሁትን ነገር እስቲ አስረጂኝ። አስፋልት ላይ አንድ ሰሌዳ ይተክላሉ፤ መኪና ሲረግጠው መብራት ይበራል። እውነት ከሆነ እኛ ምን ያዘን? ከሞያሌ ኢሲዮሎ ድረስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ተነጥፏል፤ የጭነት መኪና ሌት ተቀን ይወርድበታል። እዚህ ደግሞ ውሃ ለመሳብ ናፍጣ እንጠብቃለን።

ተማሪዋ፦ መብራቱስ ይበራል፣ ጋሼ። ኃይሉ ከማን ኪስ እንደወጣ ግን ይመልከቱ። ሰሌዳው ሁለት ጣት ዝቅ ካለ ጎማው ጉድጓድ ገባ ማለት ነው፤ ከዚያ ለመውጣት ዳገት ይወጣል። ያን ዳገት የሚያስወጣው የሹፌሩ ናፍጣ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ካቃጠለው ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከግማሽ በታቹን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በራዲያተሩና በጭስ መውጫው ይሄዳል። ስለዚህ በአስፋልት በኩል መብራት ማብራት ዞሮ ዞሮ በናፍጣ ማብራት ነው፤ ያውም በሌላ ሰው ናፍጣ።

መካኒኩ፦ ፍሬን የሚያዝበት ቦታስ? ኬላው ጋ ሲደርስ ሁሉም መቆሙ አይቀርም።

ተማሪዋ፦ እዚያ ትክክል ነዎት። በፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋ ኃይል ስለሆነ መውሰዱ ማንንም አይጎዳም። ብዛቱን ግን እናስላው። 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ በሙሉ ክብደቱ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢልልን፣ ምንም ሳይባክን ብናገኘው እንኳ 5.4 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ 200 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ ይህን በቀትር ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ያመጣዋል። መንገድ መቆፈሩ፣ ሰሌዳ መግዛቱ፣ የተሰበረውን መቀየሩ፣ ይህ ሁሉ ለሁለት ደቂቃ ፀሐይ ነው። ለዳበል ሕዝብ እንዲህ ያለ ነገር ላምጣላችሁ የሚል ሰው ቢመጣ ስሌቱን ይጠይቁት።

መካኒኩ፦ እንግዲህ ከንዝረት ኤሌክትሪክ የሚባለው ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ልትዪኝ ነው?

ተማሪዋ፦ አይደለም። ሆን ብለው የፈጠሩት ንዝረትና ያለ እርስዎ ፈቃድ የሚባክን ንዝረት ለየቅል ናቸው። ያ ጄኔሬተር ሲሠራ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ይንቀጠቀጣል። እንዲንቀጠቀጥ የፈለገ የለም፤ ናፍጣው ግን ተከፍሎበታል። ከዚያ ላይ የምንለቅመው የጄኔሬተሩን ሥራ የሚያጓድል አይደለም። የመኪና ሾክ አብዞርበርም እንደዚሁ ነው።

መካኒኩ፦ እሱንስ አውቀዋለሁ። አስፋልቱ ሳይመጣ በፊት ከማርሳቢት የመጣ መኪና ሥር ገብቼ ሾኩን በባዶ እጄ ስነካው ያቃጥለኝ ነበር። ዘይቱ እስኪፈላ ድረስ ሲሠራ የዋለ ነው። ያ መንገድ ብሎን የሚፈታ፣ ሞላ የሚሰብር መንገድ ነበር።

ተማሪዋ፦ እጅዎን ያቃጠለው እሱ ነው፣ ወደ ኤሌክትሪክ ሊለወጥ ይችል የነበረው ኃይል። አውዲ የተባለው የጀርመን መኪና አምራች እ.ኤ.አ. በ2016 በዘይት ሾክ ፈንታ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ሾክ አሳይቶ ነበር። ጎማው ሲነሣና ሲወድቅ ክንዱ ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩ ያኔ እንደ ዳይናሞ ይሠራል። በጀርመን መንገዶች ላይ በአማካይ ከ100 እስከ 150 ዋት አገኘሁ አለ። ከዚህ ይልቅ የሚገርመው የዝቅተኛውና የከፍተኛው ልዩነት ነው። አዲስ በተነጠፈ አውራ ጎዳና ላይ 3 ዋት፣ በተበላሸ የገጠር መንገድ ላይ 613 ዋት።

መካኒኩ፦ አየሽ፣ መንገዱ ሲስተካከል ምርቱ ይጠፋል።

ተማሪዋ፦ ይጠፋል፤ መጥፋቱም ደግ ነው። ለዚያ 613 ዋት ብሎ የድሮው የሞያሌ መንገድ ይመለስልኝ የሚል ሹፌር አይኖርም። ከንዝረት ኃይል የሚገኘው አንድ ነገር በተበላሸበት ቦታ ነው። በጣም የሚንቀጠቀጥ ማሽን ካዩ መጀመሪያ ይጠግኑት፤ ከተረፈው ላይ ነው የሚለቀመው።

መካኒኩ፦ ይሁን። አሁን አሠራሩን አሳዪኝ። ያ ከረጢትሽ ውስጥ ያለው ስፒከር ምን ሊያደርግ ነው?

ተማሪዋ፦ ከሚኒባስ የወጣ አሮጌ ስፒከር ነው። ከኋላው ማግኔት አለ፤ መሐሉ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ኮይል አለ፤ ኮይሉን ከወረቀቱ ጋር አንጠልጥሎ የያዘው ጨርቅና ጎማ ደግሞ እንደ ሞላ ያገለግላል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ማግኔት፣ ኮይልና ሞላ ናቸው፤ ሦስቱም ተሰናድተው እዚህ ውስጥ አሉ። በወትሮው ኤሌክትሪክ ይገባና ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ይወጣል። እኛ በግልባጩ እንጠቀምበታለን። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው ይኸው ነው፤ ኮይል በማግኔት መስክ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ጫፎቹ ላይ ቮልት ይታያል። እስቲ ወረቀቱን በጣትዎ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት።

መካኒኩ፦ እሺ። ዱብ ዱብ ይላል፣ ይነዝራል።

ተማሪዋ፦ አሁን ሁለቱን ጫፎች በሽቦ ላገናኛቸው። እንደገና ይምቱት።

መካኒኩ፦ ደነዘዘ። ከበደ፤ አንዴ መታሁትና ወዲያው ዝም አለ።

ተማሪዋ፦ ኤሌክትሪኩ መፍሰስ ስለጀመረ ነው። ጫፎቹ ሲገናኙ በኮይሉ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ የራሱን ማግኔታዊ መስክ ይፈጥርና የመጣበትን እንቅስቃሴ ይቃወማል። ጣትዎ የተሰማው ክብደት የኤሌክትሪኩ ዋጋ ነው። ኃይል በወሰድን ቁጥር ንዝረቱ ይደክማል። ንዝረቱ ሳይደክም ኤሌክትሪክ ይሰጣል የሚባል መሣሪያ ካዩ ማታለያ ነው።

መካኒኩ፦ ታዲያ ይህን ጄኔሬተሩ ላይ ብናስረው ይነዝራል?

ተማሪዋ፦ እንዲሁ ብናስረው ከጄኔሬተሩ ጋር አብሮ ከመሄድ በቀር ምንም አያመጣም። ኮይሉ ከማግኔቱ አንጻር መንቀሳቀስ አለበት። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ክብደት እንለጥፋለን፤ ማግኔቱ ከጄኔሬተሩ ጋር ሲንቀጠቀጥ ክብደቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሞላውም ይሳብና ይለቀቃል። የክብደቱ መጠን ደግሞ በግምት አይሆንም። ጄኔሬተርዎ ስንት ዙር ነው?

መካኒኩ፦ በደቂቃ 1,500።

ተማሪዋ፦ በሰከንድ 25 ዙር፣ 25 ሄርዝ ማለት ነው። ስፒከሩ ብቻውን ሲመታ በሰከንድ 80 ጊዜ ያህል የሚነዝር ከሆነ ከ25ቱ ጋር አይገጥምም። ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅን ያለ ጊዜው ቢገፉት እንደማይወነጨፈው ማለት ነው። ክብደት ሲጨመር ንዝረቱ ይዘገያል። የወረቀቱና የኮይሉ ክብደት 10 ግራም ከሆነ፣ ወደ 100 ግራም ብናደርሰው ከ80 ወደ 25 ሄርዝ ይወርዳል። ያኔ ጄኔሬተሩ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲንቀጠቀጥ ክብደቱ ከሚሊ ሜትር በላይ ይወነጨፋል። ሬዞናንስ የሚባለው ይህ ነው።

መካኒኩ፦ ስንት ዋት ይሰጠኛል? መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ይህን ነበር።

ተማሪዋ፦ በስሌቱ ከ20 እስከ 50 ሚሊዋት። አንድ የስልክ ቻርጀር 5 ዋት ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንድ ስልክ ለመሙላት ጄኔሬተሩን በመቶና ከዚያ በላይ ስፒከር መሸፈን አለብን።

መካኒኩ፦ ይህስ ምኑ ኤሌክትሪክ ሆነ?

ተማሪዋ፦ ገና የባሰውን ልንገርዎት። ይህንኑ መሣሪያ ለ10 ሄርዝ ቃኝተን አስፋልቱ ዳር አፈር ውስጥ እንቅበረው። ከባድ መኪና ሲያልፍ አፈሩ በ10 ሄርዝ በሚሊ ሜትር መቶኛ ያህል ቢንቀጠቀጥ፣ የምናገኘው ከአንድ ዋት ሚሊዮን ክፍል ስምንቱ ገደማ ነው። ምክንያቱም ኃይሉ ከንዝረቱ ስፋት ጋር እኩል አይወርድም። ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በሰከንድ የሚነዝርበት ብዛት በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ ስፋቱ ሳይለወጥ ኃይሉ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። በቪዲዮዎቹ ላይ የማይነገረው ይህ ነው። የመሬት፣ የድልድይ፣ የሰው እርምጃ ንዝረት ዝግተኛ ነው፤ ዝግተኛ ንዝረት ደግሞ ምስኪን ነው።

መካኒኩ፦ ለዝግተኛው ለስላሳ ሞላ ማድረግ አይቻልም?

ተማሪዋ፦ ሞላው በተሰቀለበት ክብደት ይረግባል። በ25 ሄርዝ የሚነዝር ክብደት ሞላው ላይ ሲሰቀል የሚወርደው 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በ10 ሄርዝ 2.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ1 ሄርዝ፣ ማለትም የሚራመድ ሰው አንዱን እግሩን በሚያነሣበት ልክ ለመሥራት ግን 25 ሳንቲ ሜትር ይረግባል። የክብደቱ መብዛትና ማነስ ይህን አይለውጠውም። ኪስ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ በእርምጃ ልክ የማይነዝረው ለዚህ ነው።

መካኒኩ፦ እኔ ደግሞ አንድ ልጨምርልሽ። የወፍጮው ጄኔሬተር እህል ሲገባበት ዙሩ ይወርዳል፤ ባዶ ሲሆን ይነሣል። 25 ብለሽ የቃኘሽው ስፒከር 24 ላይ ምን ያደርጋል?

ተማሪዋ፦ እስከ ግማሹ ሊያጣ ይችላል። በዚህ ሙያ ትልቁ ራስ ምታት ይኸው ነው። ሞላው ጥሩ በሆነ ቁጥር ከፍ ያለ ኃይል ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን በጠባብ ቦታ ብቻ ነው።

መካኒኩ፦ እንግዲያው የውሃ ፓምፑ ላይ እሰሪው። እሱ ሸክሙ አይለዋወጥም፤ ከተነሣበት እስከሚጠፋበት አንድ ዙር ነው።

ተማሪዋ፦ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም ነበር። ፓምፑ ላይ እናስረው።

መካኒኩ፦ ቆይ፣ አትቸኩዪ። 50 ሚሊዋትሽ ምን ሊሠራልኝ ነው?

ተማሪዋ፦ እርስዎ ኩሽኔታ መበላሸቱን በምን ያውቃሉ?

መካኒኩ፦ በካቻቪቴ። ጫፉን የኩሽኔታው ቤት ላይ አሳርፋለሁ፣ እጀታውን ጆሮዬ አጥንት ላይ አስጠጋለሁ። ጤነኛ ከሆነ ጭር ያለ፣ ወጥ የሆነ ድምፅ ነው። ኳሱ መብላት ሲጀምር የሆነ መኮርኮር ይሰማል፤ በየዙሩ ይመላለሳል። ያን ጊዜ ኩሽኔታው ቢለወጥ ወጪው ትንሽ ነው፤ ካለፈ ግን አክሱንም ይዞት ይሄዳል።

ተማሪዋ፦ እርስዎ ሞያሌ ሲሆኑስ?

መካኒኩ፦ ማንም አይሰማውም። ሲቆም ይደውሉልኛል። እስክደርስ ሕዝቡም ግመሉም ውሃ ያጣል።

ተማሪዋ፦ ካቻቪቴው የሚሰማውን የምትሰማ ትንሽ ሴንሰር አለች። አብዛኛውን ጊዜ ተኝታ የአንድን ዋት ጥቂት ሚሊዮንኛ ብቻ ነው የምትጠቀመው። በየሰዓቱ ለአፍታ ትነቃለች፣ ንዝረቱንና ሙቀቱን ትለካለች፣ በሬዲዮ ትልካለች፣ መልሳ ትተኛለች። ለእርሷ 50 ሚሊዋት ብዙ ሀብት ነው። ከንዝረት የሚለቀም ኤሌክትሪክ ትክክለኛ ቦታው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አምፖል ላይ ስንፈልገው ነው የሚያሳፍረን።

መካኒኩ፦ ጥሩ አልሽ። ግን የማይገባኝ ነገር አለ። ጄኔሬተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ባትሪም አለው። ለአንዲት ሴንሰር ሁለት ሽቦ ከባትሪው ብስብላት አይበቃም? ስፒከር ላይ ክብደት እየለጠፍን ለምን እንደክማለን?

ተማሪዋ፦ ይበቃል። ለዚህ ጄኔሬተር ሁለት ሽቦ ይሻላል፤ ስፒከሩ ትምህርት ነው የሚሆነን። መሣሪያው ዋጋ የሚያወጣው ሽቦ በማይደርስበት፣ ባትሪ መለወጥ በማይቻልበት ቦታ ነው። የጭነት ባቡር ፉርጎን ይውሰዱ። ፉርጎ ላይ ኤሌክትሪክ የለም፤ ተጎታች ነው። የመንኮራኩሩ ኩሽኔታ ቢግል የሚያስታውቅ ነገር በላዩ የለም፤ ሲከፋ ፉርጎው ከሐዲድ ይወጣል። በእንግሊዝ አገር ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተጀመረ ምርምር መነሻነት ፐርፔቱም የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ተቋቁሞ፣ ከንዝረት ኤሌክትሪክ የሚሠራ የኩሽኔታ ሴንሰር ለባቡሮች አቀረበ። ውስጡ ያለው ይኸው ማግኔት፣ ኮይልና ሞላ ነው። በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ባቡሮች ላይ በብዛት ተገጠመ፤ በ2021 ሂታቺ ሬይል ኩባንያውን ገዛው። ባትሪ የለውም፣ ሽቦ የለውም። ባቡሩ በሄደ ቁጥር ይሠራል፤ ባቡሩ ሲቆም እሱም ይቆማል፤ ባቡሩ ቆሞ ደግሞ የሚለካ ነገር የለም።

መካኒኩ፦ የእኛው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡርስ?

ተማሪዋ፦ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ብዙ ክፍሉ ጥቂት ሰው በሚኖርበት ደረቅ ምድር ያልፋል። ለፉርጎዎቹ ኩሽኔታ እንዲህ ያለ ጆሮ ቢሠራላቸው እኔ የምመኘው የመመረቂያ ሥራ ነው። አዲስ ሐዲድ ለስላሳ ስለሆነ ንዝረቱን መጀመሪያ ለክቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ከአውዲ የተማርነው ይህንን ነው።

መካኒኩ፦ በዚሁ በማርሳቢት ያለው ሌላ ነገር አልታየሽም። ከሞያሌ በስተ ምዕራብ የሚያልፈው ትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር። የእኛ ልጆች ግመል ሲጠብቁ ምሰሶው ሥር ይውላሉ፤ መብራት ግን አላገኙበትም።

ተማሪዋ፦ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ናይሮቢ አጠገብ ሱስዋ የሚደርሰው ነው። 1,045 ኪሎ ሜትር ነው፤ 612ቱ በኬንያ ምድር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ኃይል ማስተላለፍ ጀመረ፤ እስከ 2,000 ሜጋዋት መሸከም ይችላል። ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ 500 ኪሎ ቮልት ላይ፣ በመንገዱ ላይ በተራ ትራንስፎርመር ቆንጥሮ ለመንደር ማውረድ አይቻልም፤ ለዚያ ትልቅ መለወጫ ጣቢያ ይጠይቃል። ልጆቹ መብራት ያላገኙት ለዚህ ነው።

መካኒኩ፦ ከንዝረት ጋር ምን አገናኘው?

ተማሪዋ፦ ሽቦው ይንቀጠቀጣል። ከምሰሶው ወጣ ብሎ ሽቦው ላይ ሁለት ብረት በአጭር ገመድ ተያይዘው ተንጠልጥለው አይተው ያውቃሉ?

መካኒኩ፦ አይቻለሁ። ለጌጥ ነው፣ ለወፍ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ተማሪዋ፦ ስቶክብሪጅ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የፈለሰፈው የንዝረት ማብረጃ ነው። ለስላሳ ነፋስ ሽቦውን አቋርጦ ሲያልፍ ከኋላው ትናንሽ አዙሪቶች እየተፈራረቁ ይወጣሉ፤ ሽቦው በሰከንድ ከጥቂት ጊዜ እስከ መቶና ከዚያ በላይ ይርገበገባል። ዓይን አያየውም፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ሽቦው ምሰሶው ላይ በተያዘበት ቦታ ክሩ አንድ በአንድ ይበጠሳል። ሁለቱ ብረቶች ያን ርግብግቢት እየበሉ በገመዳቸው ውስጥ ወደ ሙቀት ይለውጡታል። በዚያ ሙቀት ፈንታ ኮይልና ማግኔት ቢቀመጥ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ተመራማሪዎች በዚህ ላይ እየሠሩ ነው። ለቀጥተኛ ኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ ይበልጥ ትርጉም አለው። በተራው ተለዋዋጭ መስመር ላይ ሴንሰር ኃይሏን ሽቦውን በከበበው ተለዋዋጭ ማግኔታዊ መስክ ታገኛለች፤ ሽቦውን ማቀፍ ይበቃታል። የቀጥተኛው መስመር መስክ ግን አይለዋወጥም፤ ፋራዴይ እንዳሳየው የማይለወጥ መስክ ቮልት አይሰጥም። ስለዚህ ሽቦው ላይ ለምትቀመጥ ሴንሰር የቀረው ፀሐይና ንዝረት ነው። በማርሳቢት አቧራ ፀሐይ ሰሌዳ በየጊዜው መጠረግ ይፈልጋል፤ 500 ኪሎ ቮልት ላይ ደግሞ ማን ወጥቶ ይጠርጋል?

መካኒኩ፦ ነፋስስ ሞልቶናል። ቱርካና ሐይቅ ጋ 365 የነፋስ ማማ ያቆሙት ለዚያ አይደል።

ተማሪዋ፦ እሱም በማርሳቢት ካውንቲ ነው፤ 310 ሜጋዋት። ነፋስን በቀጥታ በክንፍ መያዝ የሚቻልበትን ቦታ በንዝረት መያዝ ሞኝነት ይሆናል። የእኛ መሣሪያ ለትንሿ ሴንሰር ብቻ ነው።

መካኒኩ፦ እንግዲህ ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። እዚሁ ዳበል፣ ሒሎ ላይ የነበረውን የወርቅ ጉድጓድ ታውቂያለሽ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ተደርምሶ አምስት ሰው ሞተ፤ መንግሥትም ቁፋሮው ይዘጋ አለ። ከየአገሩ የመጣ ወጣት ነው ያ ጉድጓድ ውስጥ የሚወርደው፣ ከእኛም ወገን። መሬቱ ከመደርመሱ በፊት ይንቀጠቀጣል ይባላል። ያንቺ ማግኔትና ኮይል ያን ሊሰማ አይችልም?

ተማሪዋ፦ መስማት ይችላል። እንዲያውም ይህ ዓይነት መሣሪያ ከድሮ ጀምሮ የምድርን ንዝረት ለመስማት ውሏል። ሩሲያዊው ቦሪስ ጎሊትሲን እ.ኤ.አ. በ1906 ማግኔትና ኮይል ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ሠራ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1957 በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን አቋቋሙ። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ከመቶ በላይ ጣቢያዎች ከነበሩት የዓለም አቀፍ መረብ አንዷ ሆነች። በዚያ መረብ ከነበሩት መለኪያዎች አንዱ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ክብደት በሞላ የተንጠለጠለበት ነው። ምድር ስትንቀጠቀጥ ክብደቱ ባለበት ይቀራል፣ በኮይሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ያ ኤሌክትሪክ በሽቦ ሄዶ ትንሽ መስታወት ያዞራል፤ መስታወቱ ላይ የወደቀ ብርሃን በፎቶ ወረቀት ላይ መስመር ይጽፋል። መሐል ላይ የሚያጎላ መሣሪያ የለም፣ ጋሼ። ከሩቅ አገር የመጣ የምድር ንዝረት በራሱ ባመነጨው ኤሌክትሪክ ነበር ታሪኩን የሚጽፈው። አባ ጉዋን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 አሳተሙ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ፈንታሌ ተራራ አካባቢ ምድር ስትናወጥና በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ሲነሣ፣ የሰማነው የመጠን ቁጥር የመጣው ከእንዲህ ዓይነት ጣቢያዎች ነው።

መካኒኩ፦ የመቶ ኪሎ ዕቃ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም።

ተማሪዋ፦ ዛሬ ጂኦፎን የሚሉት ቡጢ የማይሞላ አለ፤ ነዳጅ ፈላጊዎች አፈር ላይ በሺህ የሚተክሉት ነው። መሬቱ በሰከንድ 1 ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ 28 ሚሊቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ባትሪ አይፈልግም። ኃይሉ ለመላክ አይበቃም፤ የተኛን ሴንሰር ለመቀስቀስ ግን ይበቃል። በደቡብ አፍሪካ ጥልቅ የወርቅ ማዕድን ውስጥ የዓለቱን መሰነጣጠቅ እንዲህ ባሉ መሣሪያዎች ለአስርተ ዓመታት ሲያዳምጡ ኖረዋል።

መካኒኩ፦ ታዲያ ሒሎም ላይ...

ተማሪዋ፦ እዚያ ላይ ተስፋ ልሰጥዎት አልችልም። ደቡብ አፍሪካ ያለው ጥልቅ ዓለት ነው፤ ጠንካራ ዓለት ከመሰበሩ በፊት ይሰነጣጠቃል፣ ድምፅ አለው። ያለ ድጋፍ የተቆፈረ ልቅ አፈር ግን ምንም ሳይናገር ሊወድቅ ይችላል፤ ቢናገርም ለመውጣት የሚሆን ጊዜ አይሰጥም። ጂኦፎን ስለተተከለ ብሎ አንድ ወጣት ተማምኖ ቢገባ፣ መሣሪያው ገዳይ ሆነ ማለት ነው። ጉድጓድን የሚይዘው የእንጨትና የብረት ድጋፍ፣ የግድግዳው ተዳፋትነት፣ የሚቆጣጠር መሐንዲስና ሕግ ነው። ይህ ሳይኖር ሴንሰር ላምጣ የሚል ሰው ቢመጣ እኔ እቃወመዋለሁ።

መካኒኩ፦ እንዲህ ብለሽ በግልጽ መናገርሽ ደስ አለኝ። ብዙ ሰው መሣሪያ ሲያሳይ ይህን አይልም።

ተማሪዋ፦ ጂኦፎን ለሌላ ነገር ግን እንፈልገዋለን። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ራስቤሪ ሼክ የሚባል፣ ከትንሽ ኮምፒውተር ጋር ጂኦፎን ያገጣጠመ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ለትምህርት ቤቶችና ለግለሰቦች ይሸጣል። ሞያሌ ላይ፣ ከድንበሩ በሁለቱም ወገን ባሉ ትምህርት ቤቶች አንድ አንድ ቢተከል፣ ልጆቹ የጭነት መኪናውንም፣ የፈንታሌን መናወጥም በአንድ ስክሪን ላይ ያያሉ።

መካኒኩ፦ እሱን መግዛት ካልቻልን?

ተማሪዋ፦ ስፒከሩ አለ። ሰሞኑን ፓምፑ ላይ እናስረዋለን። ወረቀቱ ላይ ብሎንና ሮንዴላ እየለጠፍን ከቴስተሩ ጋር እንቃኘዋለን፤ ቮልቱ የሚወጣበትን ክብደት እስክናገኝ። ኮይሉ የሚሰጠው ተለዋዋጭ ስለሆነ ዳዮድ ያስፈልገዋል፤ ተራው ዳዮድ 0.6 ቮልት ስለሚበላብን ሾትኪ የሚባለውን እንጠቀም፣ እሱ የሚበላው ግማሹን ያህል ነው። ከዚያ ካፓሲተር፣ ከዚያ አንዲት ቀይ ኤልኢዲ። ኤልኢዲዋ ከ1.8 ቮልት ገደማ በታች አትበራም፤ ካልበራች የኮይሉን ዙር ማብዛት ነው። እርስዎ የተቃጠለ ሞተር ሲጠመጥሙ የሚተርፍዎት ቀጭን ሽቦ ለዚያ ይሆነናል።

መካኒኩ፦ ሽቦውስ ሞልቶኛል። በየወሩ ለቆራሌው በኪሎ ነው የምሸጠው።

ተማሪዋ፦ አይሽጡት፣ ጋሼ። ለሞያሌ የቴክኒክና ሙያ መምህራንም ይንገሩልኝ፤ የተቃጠለ ሞተር ሽቦና የተቀደደ ስፒከር ሲያገኙ አይጣሉ። ፋራዴይን በሰሌዳ ላይ ከመጻፋቸው በፊት ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ስፒከር በእጁ ይስጡት፣ ጫፎቹን ያገናኝ፣ ሲከብድ በጣቱ ይሰማው። የዚህ ዋጋ አንድ ሊትር ናፍጣ አያክልም።